ቦሎቄውን ንቀሉና ስሩን እዩት

ቦሪቻ፣ ሎካ አባያ ወይም ሀዋሳ ዙሪያ ቦሎቄ የዘራ ዘመድ ላላችሁ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። ማሳው አበባ ማውጣት ሲጀምር ሁለት ሦስት እግር ቦሎቄ ንቀሉ። ጎትታችሁ ግን አትንቀሉት። ስሩ ይበጠስና ዋናው ነገር መሬት ውስጥ ይቀራል። ዙሪያውን ቆፍሩና ከነአፈሩ አንሱት። ባልዲ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፤ አፈሩ ቀስ እያለ ይለቃል። ከዚያ ስሩን እዩት።

ድቡልቡል ያሉ ትናንሽ እብጠቶች ታያላችሁ። ትልልቆቹ የክብሪት ራስ ያክላሉ። ብዙ ሰው በሽታ ይመስለዋል። አይደለም። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ኖዱል እንላቸዋለን። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ሥራ ላይ ነው። አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ከሆነ ወይ ገና ነው፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ደግሞ ውስጡ የገቡት ባክቴሪያዎች የተክሉን ምግብ እየበሉ ምንም የማይሰጡ ናቸው።

ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፣ ዲግሪም አያስፈልግም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚነሳው ከዚያች ቀይ ነጥብ ነው።

እኔ ሀዋሳ ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። የአፈርና የስር ናሙና አዘጋጃለሁ። ያደግኩት እዚሁ አቶቴ ሰፈር ነው። የእናቴ ወገኖች ግን ቦሪቻ ናቸው፣ ከይርባ ወጣ ብሎ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ እዚያ ነበር የምላከው። ቦሎቄ በበቆሎ መሃል ሲዘራ፣ ሲታረም፣ ሲወቃ አውቃለሁ። ስሩ ላይ ያለውን ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። የቦሪቻ ልጆች ይህን እስኪማሩ ዩኒቨርሲቲ መጠበቅ የለባቸውም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ያለ ናይትሮጅን ቅጠል አያወጣም፣ ፍሬም አያፈራም። ግን ከአየሩ ላይ በቀጥታ መውሰድ አይችልም። በአየር ውስጥ ያሉት የናይትሮጅን አቶሞች ሁለት ሁለት ሆነው በጣም ጠንክረው ተያይዘዋል። ፋብሪካ እነሱን ለመለያየት ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከባድ ግፊት ይጠቀማል። ገበሬው በኩንታል ተሸክሞ የሚመጣው ዩሪያ የዚያ ውጤት ነው፤ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ኖዱሉ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች፣ ራይዞቢየም የምንላቸው፣ ይህንኑ ሥራ በተራ የአፈር ሙቀት ይሠሩታል።

የሚሠሩበት ኢንዛይም ናይትሮጂኔዝ ይባላል። አንድ ከባድ ችግር አለበት። ኦክስጅን ሲያገኘው ይበላሻል። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ጉልበት ለማግኘት ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። ታዲያ ምን ይሻላል? ተክሉ ነው መፍትሔውን የሚያመጣው። በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ኖዱሉ ውስጥ ይሠራል። ፕሮቲኑ ኦክስጅኑን ይይዝና ለባክቴሪያዎቹ በጥቂት በጥቂቱ ያደርሳል። ለመተንፈስ የሚበቃ፣ ኢንዛይሙን ለመጉዳት ግን የማይበቃ። ቀዩ ቀለም እሱ ነው። ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም ይደንቀኛል። ቦሎቄ ደም መሰል ነገር የሚሠራው እንግዳውን ለማኖር ነው።

ባክቴሪያውና ስሩ የሚተዋወቁት ገና አፈር ውስጥ ሳሉ ነው። ስሩ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። ባክቴሪያው ሲደርሰው የራሱን ምልክት መልሶ ይልካል። ምልክቱ ለዚያ ተክል የሚስማማ ከሆነ የስሩ ፀጉር ይታጠፍና ባክቴሪያውን አቅፎ ያስገባዋል። ምልክቱን የሚሠሩት ኖድ የሚባሉ ዘረመሎች ናቸው። እነዚህን ዘረመሎች ያዙልኝ። ዋናው ታሪክ በእነሱ ላይ ነው።

ኖዱሎቹ እኔ ዘንድ ሲደርሱ የማደርገው ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ለጥቂት ሰከንድ አልኮል፣ ለጥቂት ደቂቃ በረኪና፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ። ላይ ላዩን ያለው የአፈር ባክቴሪያ ሁሉ መሞት አለበት። እኔ የምፈልገው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ኖዱሉን እጨፈልቀውና ፈሳሹን ለባክቴሪያዎቹ ምግብ የሚሆን ማኒቶልና እርሾ ባለበት ሳህን ላይ እሰምርበታለሁ። ሳህኑ ኮንጎ ሬድ የሚባል ቀለም አለው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ቀለሙን ብዙም አይወስዱም። በቀዩ ሳህን ላይ ነጣ ያሉ፣ የሚያብረቀርቁና ዝልግልግ ያሉ ሆነው ይወጣሉ። በ28 ዲግሪ ከ3 እስከ 5 ቀን ይበቃቸዋል። የአኩሪ አተር ወዳጆች ደግሞ ዘገምተኞች ናቸው፣ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በዚህ መሃል መብራት ከጠፋ የኢንኩቤተሩን በር ማንም እንዲነካ አልፈቅድም።

ከዚህ በላይ ያለው ሥራ፣ ጂኖም ማለትም የባክቴሪያውን ሙሉ የዘረመል ጽሑፍ ማንበብ፣ የሌሎች ነው። ያነበቡት ግን የእኛን አፈር ነው። ያገኙትን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ2017 አረጉ አምሳሉና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ከኢትዮጵያ አፈር፣ ከቦሎቄ ስር የተገኙ ስድስት ስትሬይኖችን፣ ማለትም ለየብቻ ተለይተው የወጡ የባክቴሪያ ዘሮችን፣ አጥንተው ከዚህ በፊት ስም ያልወጣለት ዝርያ መሆናቸውን አሳዩ። ስሙ ራይዞቢየም ኤቲዮፒከም ተባለ። ከስድስቱ የአንዱ ጂኖም ተነበበ። ያነበበው የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር የጂኖም ተቋም ነው። ተቋሙ በአፈር ውስጥና ከተክል ጋር የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ጂኖም በብዛት የሚያነብበት ፕሮጀክት ነበረው፤ የእኛ ቦሎቄ ባክቴሪያ በዚያ ውስጥ ተካተተ።

የጂኖሙ ርዝመት 6,557,588 ፊደል ነው። ፕሮቲን የሚሠሩ 6,221 ዘረመሎች አሉት። ለማነጻጸር፣ የሰው ልጅ ያለው 20,000 ገደማ ነው። አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ ደግሞ ከ4,000 ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንዲት በዓይን የማትታይ ሴል ይህን ሁሉ ምን ታደርግበታለች? መልሱ አፈሩ ነው። አንጀት ውስጥ ሙቀቱ አንድ ነው፣ ምግቡም ይመጣል። ቦሪቻ መሬት ላይ ግን ዛሬ ዝናብ ነው፣ ነገ ድርቅ። ዛሬ የቦሎቄ ስር አለ፣ ቀጥሎ የበቆሎ፣ ከዚያ ለወራት ምንም የለም። ያንን ሁሉ ለማለፍ ብዙ ዓይነት ሙያ ያስፈልጋል። ረጅሙ ጂኖም የዚያ ኑሮ ውጤት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ባክቴሪያ በጂኖም ቅርብ ዘመዶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በባንግላዴሽ ስም የሚጠራ ነው፣ ሌላው ከሜክሲኮ ቦሎቄ የተገኘው ራይዞቢየም ኤትሊ። ከመጀመሪያው ጋር 91.8 በመቶ፣ ከሁለተኛው ጋር 90.2 በመቶ ይመሳሰላል። በጥናቱ መስፈርት አንድ ዝርያ ለመባል 96 በመቶ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ሰውነቱ የራሱ ነው። ወደ ኖድ ዘረመሎቹና ናይትሮጅን ወደሚያመጡት አብዛኞቹ ዘረመሎች ስትመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። እነሱ ሌላ ቦታ ካሉት የቦሎቄ ባክቴሪያዎች ጋር ከ96 እስከ 100 በመቶ አንድ ናቸው። ሰውነቱ ሌላ፣ ሙያው ግን ከእነሱ ጋር አንድ።

ቦሎቄ አሜሪካ የበቀለ ተክል ነው፤ ከሜክሲኮ እስከ አንዲስ ተራሮች። ወደ አፍሪካ የተሻገረው ከ1492 በኋላ ነው። በ1998 የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ራይዞቢየም ኤትሊ በቦሎቄ ዘር ቅርፊት ላይ በሕይወት እንደሚገኝ አሳይተዋል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስታደርጉት አንድ ሥዕል ይታያል። ዘሩ በመርከብ ሲመጣ ባክቴሪያውም ቅርፊቱ ላይ ሆኖ መጥቶ ሊሆን ይችላል። የመጣው ባክቴሪያ ኑሮው ቢከብደውም ዘረመሎቹን ለእዚህ አገር ተወላጅ ባክቴሪያዎች አስተላልፎ ሊሆን ይችላል። የ2017ቱ ጥናትም እነዚህ ዘረመሎች ከዝርያ ወደ ዝርያ የተላለፉ ሊሆኑ ይችላሉ ይላል።

ባክቴሪያ እንዲህ ዘረመል ይሰጣጣል ወይ የሚል ካለ፣ ሜዳ ላይ የታየ ነገር አለ። ኒውዚላንድ ውስጥ ሎተስ የሚባል የግጦሽ ተክል ሲዘራ አፈሩ የሚስማማው ባክቴሪያ አልነበረውም። አንድ የታወቀ ስትሬይን ጨመሩለት። ከሰባት ዓመት በኋላ ኖዱሎቹን ሲከፍቱ ሌሎች ባክቴሪያዎችም አገኙ። የአካባቢው ተወላጆች ናቸው። 500,000 ፊደል የሚሆን የዘረመል ቁራጭ ከእንግዳው ወስደው ስር ውስጥ መግባት ችለዋል። ጆን ሱሊቫንና ክላይቭ ሮንሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ዝውውሩን ያወጡት በ1995 ነው፤ የቁራጩን ሙሉ ርዝመት ደግሞ በ1998። ሰባት ዓመት ለአፈር ምንም አይደለም። ቦሎቄ እኛ አገር የኖረበት ጊዜ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይረዝማል።

ስለዚህ ሰው «ቦሎቄ የውጭ ተክል ነው» ሲለኝ አልከራከርም። እውነት ነው። ግን ስሩ ላይ ያለው የእኛ ነው። የእኛን ድርቅና የእኛን አፈር የሚያውቅ ባክቴሪያ፣ ከሩቅ የመጣ ሙያ ተምሮ።

ሀዋሳ ደግሞ የራሷ አላት። በ2013 ቱሉ ደገፉ፣ እንዳልካቸው ወልደመስቀልና ባልደረቦቻቸው እንደ ግራር ካሉ ዛፎች ስር ከተገኙ 18 ስትሬይኖች ሦስት አዳዲስ ዝርያዎች ለዩ። ከሦስቱ አንዱ በከተማችን ስም ተጠራ። ሜዞራይዞቢየም ሀዋሴንሴ። ይህን ለባጃጅ ሹፌርም፣ አሞራ ገደል ዓሣ ለሚሸጡ ልጆችም ነግሬአለሁ። ሁሉም ደስ ይላቸዋል። ከተማችን በሐይቋ ትታወቃለች፣ በዓሣዋ ትታወቃለች። በዚህም ብትታወቅ እወዳለሁ።

አሁን ወደ ገበሬው ልመለስ።

ሕያው ማዳበሪያ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። በትንሽ ፓኬት የሚመጣ፣ ጥቁር አፈር የመሰለ ነገር። ውስጡ የተመረጠ ባክቴሪያ አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመኖቹ ኖበና ሂልትነር በ1896 የፈጠራ መብት አውጥተውበታል። አክስቴ አንድ ቀን ፓኬቱን ይዛ መጣችና ጠየቀችኝ።

«አንቺ፣ ይሄ ማዳበሪያ ነው ወይስ መድኃኒት?»

«አክስቴ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው።»

«ሕይወት ካለው ምን ይበላል?»

በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከቦሎቄው ስኳር ይበላል አልኳት። ተክሉ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ወደ ስር ያወርዳል፣ እነሱ በምላሹ ናይትሮጅን ይሰጡታል። አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመፍታት ቢያንስ 16 የጉልበት ሞለኪውል፣ ኤቲፒ የምንለው፣ ይቃጠላል። ለተክሉ ቀላል ወጪ አይደለም። ለዚህ ነው ዩሪያ በብዛት ሲሰጠው ኖዱል የማይሠራው። በእጁ ያለ ነገር ካለ ለምን እንግዳ ይቀልባል? አክስቴ ትንሽ አሰበችና፣ «እንግዲያው ሁለቱንም ማድረግ ብር ማባከን ነው በይኛ» አለች። በሙሉ መጠን ከሆነ አዎ። ሲዘራ ትንሽ ናይትሮጅን ለመነሻ መስጠት ሌላ ነገር ነው።

የፓኬቱ ነገር ግን ቦሎቄ ላይ ሲደርስ ይወሳሰባል። አኩሪ አተርን እንውሰድ። ከምሥራቅ እስያ የመጣ ነው። ተዘርቶ በማያውቅበት መሬት ላይ የሚስማማው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ፓኬቱን ስትሰጡት ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል፤ አንዱ መደብ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር አረንጓዴ። ቦሎቄ ግን እንዲህ አይመርጥም። ብዙ ዓይነት ራይዞቢየም ያስገባል። አፈራችን ደግሞ በእነሱ የተሞላ ነው። የፓኬቱ ባክቴሪያ ዘሩ ላይ ሆኖ ሲገባ፣ መሬቱ ውስጥ ቀድመው የነበሩት ስሩን ይሻሙታል። ቦታውን ለዘመናት ያውቁታል፣ ቁጥራቸውም ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ያሸንፋሉ። የሚያሳዝነው፣ ስር ለመግባት ጎበዝ የሆነው ሁሉ ናይትሮጅን ለመስጠት ጎበዝ አለመሆኑ ነው። ሁለቱ የተለያየ ችሎታ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ገበሬ «ባክቴሪያውን ተጠቅሜ ምንም አላየሁም» ሲል ውሸቱን አይደለም። ባለሙያውም «ይሠራል» ሲል ውሸቱን አይደለም። ሁለቱም ስለተለያየ ማሳ ነው የሚያወሩት። እኔ የምለው ፓኬቱን ከመግዛት በፊት ስሩን ማየት ይቅደም ነው። ያለ ፓኬት የበቀለው ቦሎቄ ውስጣቸው ቀይ የሆነ ብዙ ኖዱሎች ካሉት የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይዋል። ኖዱል ከሌለ፣ ወይም ካለም ውስጡ ነጭ ብቻ ከሆነ፣ ያን ጊዜ መሞከሩ ተገቢ ነው።

ከሞከራችሁ ደግሞ በአግባቡ። ፓኬቱ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ መኪና ውስጥ ተረስቶ የዋለ ፓኬት የሞተ ነው። ዘሩን ጥላ ሥር በስኳር ውሃ አርጥቡት፣ ከዚያ በዱቄቱ ለውሱት፣ በዚያው ቀን ዝሩት፣ ወዲያው አፈር አልብሱት። በፀረ ተባይ ወይም በፀረ ፈንገስ የታሸ ዘር ከሆነ ሻጩን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ኬሚካል ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

አፈሩም የራሱ ፍርድ አለው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ነው ይባላል። ከሀዋሳ ወደ ሁላ በኩል ስትወጡ፣ ደጋው ላይ፣ ይህ ችግር አለ። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየሙ ይለቀቅና ስሩን ይጎዳል፣ ፎስፈረሱንም ይይዘዋል። ኖዱል ደግሞ ያለ ፎስፈረስ አይሠራም፤ ያ ሁሉ ጉልበት የሚመጣው በእሱ ነው። እዚያ ኖራ ሳይጨምሩ ባክቴሪያ መስጠት ድካም ነው። እኛ ስምጥ ሸለቆው ላይ ያለን ሰዎች ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀለል ያለ አፈር ስላለን በዚህ በኩል እድለኞች ነን። የእኛ ችግር ዝናቡ ነው።

ጂኖም ስለዚህ የሚነግረን ግማሹን ነው። ባክቴሪያው ምን ማድረግ እንደሚችል ይነግረናል። ያደርገዋል ወይ የሚለውን የሚነግረን ማሳው ነው። እኔ ከተመራማሪዎቹ ጋር ስሠራ ሁሌም የምለው ይህንን ነው። ስትሬይኑን ከፍሪጅ አውጥተን ቅደም ተከተሉን ስናነብ ደስ ይላል። ግን የመጣበት ማሳ ምን እንደተዘራበት፣ ምን ማዳበሪያ እንደተጣለበት፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበረ አብሮ ካልተጻፈ፣ ያ ባክቴሪያ አገር እንደሌለው ሰው ነው። ናሙና ስቀበል ይህን የማያሟላ ፎርም የምመልሰው ለዚህ ነው።

ከተክል ጋር የሚኖር ባክቴሪያ ሁሉ ወዳጅ አለመሆኑን የሲዳማ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። የእንሰት አጠውልግ የጎበኘው ጓሮ አይቼአለሁ። የቤተሰብ ምግብ ነው የሚጠፋው። ይህን ባክቴሪያ ከእንሰት ላይ ለይተው በ1968 ለዓለም ያሳወቁት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው። በ2001 ኡጋንዳ ሙዝ ላይ ሲታይ ብዙ ቦታ ደነገጠ፤ እኛ ግን ከዚያ በፊት ስንት ዓመት አብረነው ኖረናል። ጂኖሙ ሲነበብ ደግሞ የተመደበበት ዝርያ ትክክል እንዳልነበረ ታወቀ። የቅርብ ዘመዶቹ ማሽላና ሸንኮራ አገዳ ላይ የሚኖሩ ናቸው። በ2020 ወደ እነሱ ተዛወረ። ለገበሬዋ ግን ምክሩ ያው ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላ ጤነኛውን አይንካ። በእሳት ይለብለብ ወይም በረኪና ውስጥ ይነከር። በሽታውን ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚያዞረው በዋናነት የእኛው መሣሪያ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ በግልጽ ልጻፈው።

ራይዞቢየም ኤቲዮፒከም ዛሬ ሄልሲንኪና ቤልጂየም ባሉ የባክቴሪያ ማከማቻዎች ውስጥ ይገኛል። ይህ ማንም ሰርቆት አይደለም። አዲስ ዝርያ ስም እንዲወጣለት ቢያንስ በሁለት አገሮች በሚገኙ፣ ለሁሉም ክፍት በሆኑ ማከማቻዎች መቀመጥ አለበት። ደንቡ ነው። ጥሩ ደንብም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ያለው ነው። አንድ ተማሪ ለማስተርስ ሥራው ገጠር ለገጠር ዞሮ ኖዱል ይሰበስባል። ያጠራል፣ ይፈትሻል፣ ግሪን ሀውስ ውስጥ ቦሎቄ ላይ ይሞክራል። ከመቶ ስትሬይን አምስት ጎበዝ ያገኛል። ይመረቃል። ከዚያ ቲዩቦቹ አንድ ፍሪጅ ውስጥ ይቀራሉ። ቲዩቡ ላይ የተጻፈው ይለቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ፍሪጁ ለሌላ ነገር ይፈለጋል። ይህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። የተጣሉት ቲዩቦች ውስጥ ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም። ድርቅ የሚችለው እዚያ ውስጥ ይሆናል። አሲድ የሚችለው እዚያ ውስጥ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ረቂቅ ሕዋሳትን የሚያስቀምጥበት ክፍል አለው። ስለዚህ ቦታ አለ። የሚያስፈልገው ልማዱ ነው። ተማሪው ጥራዙን ለቤተ መጻሕፍት ሳያስረክብ እንደማይመረቅ ሁሉ፣ ስትሬይኖቹንም ከነመረጃቸው ሳያስረክብ ባይመረቅ ምናለ? ወጪው ትንሽ ጠርሙስ፣ ግሊሰሮልና አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። አማካሪ መምህራን ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ አስቡበት። የጤፉንና የቡናውን ዘር እንደምንጠብቅ ይህንንም እንጠብቅ። ከጠፋ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ፓኬት የእኛን ማሳ አያውቀውም።

በዚህ ወቅት አክስቴ ከማሳዋ አንድ ጥግ ሰጥታኛለች። አራት መደብ ይሆናል። አንዱ ምንም ያልተጨመረበት፣ አንዱ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) ብቻ፣ አንዱ ባክቴሪያ ብቻ፣ አንዱ ሁለቱም። ዘሩ በአራቱም ሀዋሳ ዱሜ ነው። አክስቴ ሌላ ዘር ልትቀላቅል ፈልጋ ነበር፣ ግን ዘሩ ከተለያየ ማንን ከማን ጋር እንደምናወዳድር አናውቅም ስላት ተስማማች። አበባ ሲያወጣ ከየመደቡ ጥቂት እግር ነቅለን ኖዱሉን እንቆጥራለን፣ እየሰነጠቅን ቀለሙን እንጽፋለን፣ ሲደርስም ፍሬውን እንመዝናለን። ባክቴሪያ የሌለባቸውን መደቦች አስቀድመን ነው የምንዘራው፤ ዱቄቱ ከእጃችን ወደ እነሱ እንዳይሄድ። በመደቦቹ መካከልም ሰፋ ያለ ቦይ እንተዋለን፤ መሬቱ ትንሽ ዘቅዘቅ ስለሚል ጎርፍ የላይኛውን አፈር ወደ ታችኛው ይወስደዋል። ባክቴሪያ ያለባቸው ሁለቱ ስለዚህ ከታች በኩል ይሆናሉ።